የሆዴ ዕቅድ እና የእናቴ ቅቤ

ወልቂጤ ውስጥ ሆዴ ከእኔ በላይ የሚታወቅበት ዘመን ነበር። መንገድ ስንታጠፍ መጀመሪያ እሱ ይደርሳል፣ እኔ ትንሽ ቆይቼ እከተለዋለሁ። የባጃጅ ልጆች «ጋሼ፣ የሁለት ሰው ቦታ ነው የያዝከው» ሲሉኝ «ሁለተኛው ሕፃን ነው፣ ታቅፌዋለሁ» እላቸውና አብረን እንስቅ ነበር።

ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራህ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ስብሰባ። ዘመኑ የስብሰባ ነበር። ጠዋት ዕቅድ፣ ከሰዓት የዕቅዱ ግምገማ፣ በማግስቱ ደግሞ የግምገማው ግምገማ። ስብሰባ ካለ ሻይ አለ፣ ሻይ ካለ ቦምቦሊኖ አለ። ሻዬ ውስጥ ማንኪያ ብታቆሙ ከስኳሩ ብዛት አይወድቅም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ወደ ክትፎ ቤት ነው። ጎመኑን ለጌጥ የሚያመጡት ነበር የሚመስለኝ፤ የሰው ጌጥ አላበላሽም ብዬ አልነካውም።

ከዚያ ውሃ ጥም አላስቀምጥ አለኝ። የስብሰባ ጀግና የነበርኩት ሰውዬ ግማሹን ስብሰባ ሽንት ቤት ማሳለፍ ጀመርኩ። አለቃዬ «ምነው፣ አጀንዳው ከበደህ እንዴ?» አለኝ። ባለቤቴ እየገፋች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ደሜን አይታ፣

«ጋሼ፣ ደምዎ ውስጥ ስኳር በዝቷል» አለችኝ።

«እባክሽ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ቀበሌ እንዳይሰማ» አልኳት። ያን ሰሞን ስኳር ከሱቅ ጠፍቶ አገሩ ሁሉ ሰልፍ ላይ ነበር። «ሕዝቡ ተሰልፎ እየጠበቀ እሱ ደብቆ ተገኘ ብለው ያስሩኛል።»

ባለቤቴ አልሳቀችም። ነርሷም አልሳቀችም። «በዚሁ ከቀጠሉ ዓይንዎንም እግርዎንም ነው የሚወስደው» አለችኝ። «ክኒኑን ይዋጡ፤ ግን ክኒን ብቻውን ምንም አይሠራም። ስኳሩን ይተዉ፣ ቅቤና ጮማውን ይቀንሱ፣ ይራመዱ።» እግረ መንገዷን ለእኔም ለባለቤቴም ያኛውንም ምርመራ አደረገችልን፣ ያን ጊዜ ሰው ስሙን ጮክ ብሎ የማይጠራውን። ከእሱ ነፃ ናችሁ ተባልን። እኔ ግን የተሰማኝ ቅቤ የሚለው ብቻ ነው። ለጉራጌ ልጅ ቅቤ ቀንስ ማለት አጎትህን ካድ እንደ ማለት ነው።

ባለቤቴ አስተማሪ ናት። አስተማሪ ማለት ሰንጠረዥ የማይፈታው ችግር የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ከእኔ ስብሰባ የተረፈ ትልቅ ወረቀት ነበር፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፈችውና በማስመሪያ አሰመረችው። በአንድ በኩል ከሰኞ እስከ እሁድ፣ በሌላ በኩል ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት። ራስጌው ላይ «የቤተሰባችን የአመጋገብ ዕቅድ» ብላ ጻፈች። «ፈጻሚ አካል» በሚለው ሥር የእኔ ስም። «ተቆጣጣሪ አካል» በሚለው ሥር የእሷ።

«እንደ መሥሪያ ቤታችሁ በአንድ ለአምስት እንደራጅ» አለች ለማሾፍ።

እሷ፣ እኔና ሁለቱ ልጆች አራት ነን። ሰው አነሰ። በመጨረሻ ሆዴ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠር ተባለና ተደራጀን።

ሰኞ ጠዋት የተልባ ውሃና ቅቤ ያልነካው የገብስ ቂንጬ። ምሳ ምስርና ጎመን። ማታ የዱባ ሾርባ። ማክሰኞ ሽሮ፣ ከቡታጅራ የሚመጣ አቮካዶ ደግሞ በስኳር ሳይሆን በሎሚና በቃሪያ። ሥጋ ዓርብ ላይ ነበረች፤ ቀይ፣ ጮማዋ የተገፈፈ፣ አፍራ የተደበቀች የምትመስል ሥጋ። የሽፈራው ቅጠል ወሬም አገሩን የያዘው ያኔ ነበር። ቅጠሉ ደርቆ ተፈጭቶ በፌስታል ይሸጣል። ለስኳር ነው፣ ለግፊት ነው፣ ለጨጓራ ነው፣ ለፀጉር ነው ይባላል፤ ለደረጃ ዕድገት ውድድር ብቻ ነው ያልተባለው። ነርሷ «ቅጠል ነው፣ አይጎዳዎትም፤ ግን ክኒኑን እንዳይተኩበት» አለች። ባለቤቴ ሾርባዬ ላይ ትነሰንሰው ጀመር። ሾርባው የኩሬ መልክ ያዘ።

ዓርብ ማታ ግምገማ ነበር። ባለቤቴ ትመራለች፣ እኔ ግለ ሂስ አወርዳለሁ።

«ረቡዕ ዕለት በስብሰባ ላይ አንድ ቦምቦሊኖ በመብላቴ...»

«አንድ?»

«አንድ ተኩል በመብላቴ ራሴን እሂሳለሁ።»

ልጆቹ ወለሉ ላይ ይንከባለላሉ።

ሻዩስ? ስኳር የሌለው ሻይ ሻይ አይደለም ብዬ ስለሞገትኳት፣ ጭራሽ ሻይ ቅጠሉንም አነሳችው። ጦስኝ አፈላችልኝ። የመጀመሪያውን ቀን ስጠጣው በግ የታጠበበት ውሃ መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን ግቢያችን ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ከበቀለው ጠጅ ሣር አጭዳ አፈላች። ከዚያ ዝንጅብል በቀረፋ፣ ከዚያ ከርከዴ፣ እንደ ደም የቀላ። ፔርሙሱን ሞልታ ወደ ቢሮ ትልከኛለች። ክዳኑን ስከፍት ጓደኞቼ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሣር ይዘህ መጣህ?»

«ለናንተም ላጭድላችሁ?»

«እኛ ገና እንጀራ እንበላለን፣ ወንድም።»

ስኳር ስትተዉ መጀመሪያ አፋችሁ ይቀየማችኋል። ከዚያ ቀስ እያለ ይታረቃል። ከታረቀ በኋላ ያመጣልኝን ጉድ ልንገራችሁ፦ ጎመን ጣዕም ነበረው! በዚያ ሁሉ ዘመን አጠገቤ ተቀምጦ ማንም አልነገረኝም። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ የገባበት፣ ከላዩ ትንሽ አይብ ጣል የተደረገበት፣ ትኩስ ጎመን። ምስር እንኳ ከቡታጅራ አቅራቢያ ካለችው ከቆሼ ከተማ በመጣ በርበሬ ሲሠራ ራሱን የቻለ ሰው ነው። ጦስኙንም ወደድኩት። ዝናብ ሲዘንብ፣ ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ብርጭቆዬን በሁለት እጄ ይዤ እንፋሎቱን ወደ አፍንጫዬ ስስብ፣ የአገሩ ተራራ ሁሉ ሳሎኔ ገብቶ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

የገበያ ቀን ሲሆን ከባለቤቴ ጋር አብረን መውጣት ጀመርን። ዱባ በጣቴ አንኳኩቼ ድምፁን እሰማለሁ፣ እንደ ሐኪም። ሻጮቹ «ጋሼ፣ ሳል በለው!» እያሉ ያሾፉብኛል። ስንመለስ ወጥ ቤት ጎን ለጎን ቆመን እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ ጎመን። ከዚያ በፊት ምሳዬ ክትፎ ቤት፣ እራቴም ብዙውን ጊዜ ከሰው ጋር ነበር። ከባለቤቴ ጋር ወሬ ያወራነው፣ እውነተኛውን ወሬ፣ ያን ጎመን ስንከትፍ ነው። አሁንም ጎመን ሲከተፍ ስሰማ ያ ወጥ ቤት ትዝ ይለኛል፤ እሷ በሽንኩርቱ ታለቅሳለች፣ እኔ በምትነግረኝ የተማሪዎቿ ጉድ እስቃለሁ፣ ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

እናም ከሳሁ። ሱሪዬ ከእኔ ተለይቶ መሄድ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ጋ ወስጄ ሳስጠብብ ሰውዬው ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠምጥሞ ሁለቴ ለካኝ። ከዚያ «አላህ ያሽርህ» አለኝ። አልገባኝም። ነርሷ ነበረች የተደሰተችው፤ ስኳሩ ወርዷል። ከእሷና ከባለቤቴ በቀር የተደሰተ ሰው ግን አልነበረም። ቢሮ ስገባ ወሬ ይቆማል። የሚጨብጠኝ ሰው እጄን ቶሎ አይለቀውም። አንድ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጥግ ሳበኝና ትከሻዬን አቀፈኝ።

«አይዞህ» አለኝ በሹክሹክታ። «መድኃኒቱ እኮ ዛሬ በነፃ ነው። አንተ ብቻ ምግብ አትተው። ያንን ሣር ተወውና መድኃኒቱን ጀምር።»

ያኔ ነው የገባኝ። በዚያ ዘመን ድንገት የከሳ ሰው አንድ ምክንያት ብቻ ነበረው። ለእውነት የታመመውንም ከበሽታው ይልቅ ወሬው ነበር የሚጨርሰው። እኔ ደግሞ ምን ልበል? «ጎመን በልቼ ነው» ብል ማን ያምናል? ጎመን በልቶ የከሳ የለም፣ ጎመን የሚበላው የከሳ ነው።

ወሬው ቡታጅራ ደረሰ። አንድ የምናውቀው በርበሬ ነጋዴ ወልቂጤ መጥቶ አየኝ፤ ተመልሶ ለእናቴ «ልጅሽ አልቋል፣ ድረሺለት» አላት።

እናቴ ቡታጅራ ከከተማው ጫፍ ነበር የምትኖረው። ላም ነበራት። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ደግሞ የቅቤ ዕቁብ ነበራት፤ በእኛ አገር ውጆ ይባላል። ሁሏም ቅቤዋን ታዋጣለች፣ ተራው የደረሳት ጠቅልላ ትወስዳለች። የእሷ ተራ ለዐረፋ ነበር፤ ልጆቿ ሁሉ ከየአገሩ የምንሰበሰበው በዐረፋ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ የምታስበው ለዚያ ቀን ነው። ወሬውን ስትሰማ ተራዋን ከጎረቤቷ ለወጠች፣ ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቀለለች፣ ሚኒባስ ተሳፈረች። በቡኢ አድርጋ ዓለም ገና፣ እዚያ ወርዳ በሌላ መኪና ወልቂጤ። ያን ሁሉ መንገድ ቅቤውን ከጭኗ ላይ አላወረደችውም።

ከሥራ ስመለስ ሳሎን ተቀምጣ አገኘኋት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማ! ምነው ሳትነግሪን?»

ሰላምታውን አልመለሰችም። የእጄን አንጓ በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ ገበያ ላይ ዶሮ የምትመርጥ ይመስል።

«ስልክ ላይ ድምፅህ ነው እንጂ ሥጋህ አይታይም» አለች።

እናቴ የምታወራው በመስቃንኛ ነው። ወደ አማርኛ ሳመጣው ግማሹ ጣዕም መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

«እማ፣ ስኳር ነው።»

«ስኳር ያወፍራል እንጂ ያከሳል?»

«ስኳሩን ስለተውኩት ነው የከሳሁት።»

«ለምን ተውከው?»

«ታምሜ።»

«ከምን?»

«ከስኳር።»

«አሁንም ትቀልዳለህ» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ይሄ ነው የእኔ ጣጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድባት የኖርኩ ልጅ ነኝ። ባለቤቴን ላገባ ነው ስላት እንኳ ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ አላመነችኝም። እውነት ስናገር በምን ትለየው? የምርመራውን ወረቀት አወጣሁ። «ወረቀት የእህቴ ልጅም ነበረው» አለች።

የእህቷ ልጅ ከአዲስ አበባ ከስቶ የመጣው ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጨጓራ ነው ይል ነበር። ያስታመመችው እናቴ ናት። ያገሩን ቅጠል ሁሉ አፍልተው አጠጡት። መጨረሻ ላይ የቡላ ገንፎ ሠርታለት በማንኪያ ቀመስ አድርጎ «ጠገብኩ፣ አክስቴ» አላት። ከዚያ በኋላ አልበላም።

በማግስቱ ጠዋት ለእኔም የቡላ ገንፎ ቀረበልኝ። መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤው ሐይቅ ሆኗል። አራስ ሆንኩ ማለት ነው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን ታያለች፤ አማቷን ምን ትበል? እኔም ዕቅዱን አየሁ፣ ነርሷ ትዝ አለችኝ፣ እግሬ ትዝ አለኝ። ከዳር ከዳሩ ትንሽ ቀመስኩና ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

«ጠገብኩ፣ እማ።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ፊቷ እንደ ተነፋ ከሰል ቀልቶ አመድ ሆነ። ሳህኑን አንስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ነገር ሁሉ በእኔ ላይ መሰከረ። ሾርባ ስበላ «ጥርሱም ከዳው» ትላለች። የጦስኙን ብርጭቆ ሳነሳ ፊቷን ታዞራለች፤ ቅጠል ለሰው የሚሰጠው ተስፋ ሲቆረጥ መሆኑን አይታለች። ወረቀቱን ባለቤቴ እንድታነብላት ጠየቀች። ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን አስነበበች።

«ሥጋው የታለ?»

«ዓርብ ላይ አለ፣ እማ።»

«ዓርብ ድረስ ልጄ ምን ይብላ?»

አንድ ቀን ደግሞ ባለቤቴን ወጥ ቤት ይዛት «የኔ ልጅ፣ እውነቱን ለእኔ ንገሪኝ። አንቺም አለብሽ? ሁለታችሁንም አስታምማችኋለሁ፣ ልጆቹንም አሳድጋለሁ፤ ብቻ አትደብቁኝ» አለቻት። ባለቤቴ ይሄን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔም የምቀልደው ጠፋኝ። እናቴን ገንፎውን በልቼ ላሳምናት? በእሷ ደስታ እግሬን ልጣ? እየኖርኩ እንደሆነ ለማሳየት መሞት ነበረብኝ።

ቅዳሜ ጎረቤት ለቅሶ ነበር። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ፣ እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ፣ አብረው ሄዱ። እኔ ቤት ቀረሁ። ውሃ ልጠጣ ወጥ ቤት ገባሁ። ውሃ ልጠጣ ነው የገባሁት፣ ወላሂ።

አንድ የሸክላ ጣባ ጥግ ላይ በቅጠል ተሸፍኖ ነበር። እናቴ ጠዋት ከሥጋ ቤት አስመጥታ፣ በራሷ እጅ ከትፋ፣ በዚያ በውጆው ቅቤ ለውሳ ያስቀመጠችው ክትፎ። ከለቅሶ ስትመለስ እንደገና ልትለምነኝ ነው። ቅጠሉን ገለጥ አደረግሁት። ኮሰረቱ፣ ሚጥሚጣው፣ ቅቤው... አባቴ በሕይወት ሳለ የነበረው የዐረፋ ቀን ሁሉ ተነስቶ ፊቴ ላይ መጣ። በጣቴ ጫፍ ቀመስኩ። ጨው ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ደገምኩ። ከዚያ ቆጮው አጠገቡ ነበር።

የነርሷንም ሆነ የግምገማውን ነገር አላስታውስም። የማስታውሰው ጣባውን በመጨረሻዋ ቆጮ እየጠረግሁ ሳለ ከኋላዬ ጥላ መውደቁን ነው። ዞር አልኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ጢሜ ላይ ቅቤ አለ፣ አፌ ሙሉ ነው፣ እጄ ጣባው ውስጥ ነው።

አፌን ታየዋለች። ልናገር ብልም አልችልም።

«ዋጥ» አለችኝ።

ዋጥኩ።

«አላነቀህም? ያምሃል? ጉሮሮህን ያምሃል?»

«አያምም፣ እማ። በጣም ይጣፍጣል።»

«አልሃምዱሊላህ!» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እየሳቀች ታለቅሳለች። «ይበላል! ልጄ ይበላል!» ባለቤቴ ሮጣ መጣች፣ ልጆቹም መጡ። እናቴ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች፣ እንደገና የተወለድኩላት ያህል። ከዚያ ዓይኗ ወደ ጣባው ወረደ። አነሳችው። ገለበጠችው።

«ይሄን ሁሉ?»

ጢሜን በእጄ ጠረግሁ።

«አንተ! ለቤቱ ሰው ሁሉ ነበር እኮ የሠራሁት!»

ባለቤቴ እዚያው ቆማ፣ «እማ፣ አዩት? ይሄ ነው በሽታው። ሌላ የለበትም። ሲያገኝ እንዲህ ነው፣ ስኳሩም የመጣው በዚህ ነው። ቅቤው ነው የሚገድለው» አለቻት።

እናቴ እኔን አየች፣ ባለቤቴን አየች፣ ጣባውን አየች። ወረቀት ያላሳመናት ሴት ያንን ጣባ አመነች። ተነሳች፣ የቀረውን ቅቤ ከመደርደሪያው አወረደች፣ ከነቅጠሉ ነጠላዋ ውስጥ አስገባች።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪዋለሽ?» አለቻት ባለቤቴን። «ወጥ ቤቱን ቆልፊበት እንጂ!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ተቆጣጣሪ አካል ኖረኝ። ጎመኔን ራሷ ትሠራልኛለች፣ ቅቤ ሳታስነካ፤ እጇ ግን በልማድ ወደ ቅቤው ሲሄድ ራሷን በራሷ ትቆጣለች። ጦስኝ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ትጠጣለች፣ እሷ ግን በስኳር። «እኔ የለብኝም» ትለኛለች፣ ማንኪያውን ረጅም ጊዜ እያማሰለች። የዓርቡን ግምገማም ተሳተፈች። የክትፎው ጉዳይ ሲነሳ ግለ ሂስ እንዳወርድ ሳትጠብቅ እሷው ከመነሻው እስከ መድረሻው ተረከችው።

የሄደች ቀን መናኸሪያ ሸኘናት። ቅቤው ለዐረፋ ተመልሶ ቡታጅራ እየሄደ ነው፣ ጭኗ ላይ። ያ ትከሻዬን ያቀፈኝ የሥራ ባልደረባዬ ሰው ሊሸኝ መጥቶ ኖሮ በአዘኔታ ሰላም አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትህ መጥተው ነበር? ጎሽ፣ ቤተሰብ መኖሩ ጥሩ ነው» አለ። እናቴ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን አየች። እንደዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ ከእህቷ ልጅ ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ሚኒባሱ ደረጃ ላይ ወጣች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነበር፣ ድምፅዋ ግን ሙሉ ነበር።

«ስሙኝ! ልጄን ታሟል ያላችሁ! ስኳር ነው! ከሆዱ ነው ያመጣው! ሆዳም ነው! የቤት ሙሉ ክትፎ ሰርቆ ብቻውን በላ! ጣባውን ላሰ!»

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ እንሂድ» ይላል። «ቆይ፣ አልጨረስኩም!» ትለዋለች። ባልደረባዬ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከወራት በኋላ ሰው ፊቴ ላይ ጮክ ብሎ ሲስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔ መሐል ላይ ቆሜ እየተሰደብኩ፣ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ስብሰባ የለም።

እናቴ ዛሬ የለችም፣ አላህ ይዘንላት። ጦስኝ በፈላ ቁጥር ማንኪያ ስታማስል ይሰማኛል። ያን ቀን ግን ሚኒባሱ ሲወጣ በመስኮቱ አየኋት፤ አጠገቧ ለተቀመጠችው ለማታውቃት ሴት፣ ሁለት እጇን ዘርግታ የጣባውን ስፋት እያሳየች ነበር። ጣባው ያን ያህል አልነበረም።